ያልታጠበው ቀሚስ

«እጥበት ውስጥ ነው» አሉ አማቷ፣ ዓይናቸውን ከሕፃኑ ላይ ሳያነሱ። የጠየቀቻቸው ሰማያዊ የቤት ቀሚሷን ነው፤ ሆዱ ጋ አንድ ቁልፍ የወለቀውን፣ ከወለደች ጀምሮ ከገላዋ ያልተለየውን። ባለፈው ሐሙስ ጠይቃ ነበር፤ እጥበት ውስጥ ነው ተባለች። ሰኞ ጠየቀች፤ እጥበት ውስጥ ነው። ዛሬ እንደገና ሐሙስ ነው፤ በረንዳው ላይ ያለው ሳፋ ግን ደረቅ ነው፣ ገመዱ ላይም ከልጁ ጨርቆች በቀር የተሰጣ ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ የምትውል ሴት፣ ከገዛ ቤቷ የገዛ ቀሚሷ እጥበት ገብቶ ሳምንት ቀረ ቢባል ማን ያምናል? እሷ ግን አልተከራከረችም። ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ከተመለሰች አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው፤ በነዚህ አሥራ አንድ ቀናት ስለ ቀሚስ ከአማቷ ጋር የምትጣላበት ጊዜ አልተረፋትም።

ልጁ ጭኗ ላይ ተጋድሞ ይጠባል። አራት ወሩ ነው፤ ሲጠባ አንድ አመል አለው። እጁን ሰዶ በሰማያዊው ቀሚስ ላይ ቁልፉ የወለቀበትን ክፍተት ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ጣቶቹን አስገብቶ ጨርቁን ጭብጥ ያደርግና እስኪጠግብ አይለቅም። የሥራ ካናቴራዋ ቁልፍ የሚባል ነገር ስለሌለው ጣቶቹ ወዲያ ወዲህ ይሄዱና የሚይዙት ያጣሉ። ጎህ ሲቀድ ተነስታ በእጇ ያለበችው ወተት በሁለት ጡጦ ተሞልቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተቀምጧል፤ አንዱ ለአራት ሰዓት፣ አንዱ ለዘጠኝ ሰዓት። ማቀዝቀዣው አሮጌ ነው፤ በየሩብ ሰዓቱ እንደ ሽማግሌ እያጉረመረመ ይነሳና ይተኛል። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንዱ ክፍል የእሷና የልጁ መኝታ ነው፣ ሌላው ወጥ ቤትም ሳሎንም የአማቷ አልጋም ያለበት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣና ሲጋራና ነዳጅ እየሸተተ ልጁን ያስፈራዋል። የእሱ ደሞዝ ለቤት ኪራዩ ይበቃል፤ የሚቸግረው መብላት ሲያምራቸው ብቻ ነው።

«ዛሬ ይጠጣ ይሆናል» አሉ አማቷ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍተው ጡጦዎቹን አይተው።

«ትናንት ጭራሽ አልነካውም?»

«ትናንትማ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋው። እንደ አባቱ ግትር ነው። በሩን እያየ አንቺን ሲጠብቅ ዋለ። ወተቱን ደፋሁት፣ ምን ላድርግ?»

ይህን በሰማች ቁጥር ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይሰማታል። አንዱ ጭንቀት ነው፤ ልጄ ተራበ፣ ልጄ እኔ ሳልኖር ጦሙን ዋለ ትላለች። ሌላውን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ደስ ይላታል። በዓለም ላይ አንድ ሰው አለ፣ ከእሷ በቀር ከማንም እጅ አልቀበልም የሚል። ይህን ደስታ ደብቃ፣ ከሥራ መልስ ፋርማሲ እየገባች አራት ዓይነት የጡጦ ጫፍ ገዝታለች፤ ረጅሙን፣ አጭሩን፣ ጠፍጣፋውን፣ በመጨረሻም ባለፋርማሲው በእናቱ ስም የማለላትን ውድ የሆነውን፣ የሁለት ቀን ደሞዟን። አማቷ አራቱንም አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ የሚፈልገው የፋርማሲ ሳይሆን የእናቱን ነው» አሉ። ቅዳሜ ለክትባት ሲሄዱ ነርሷ ልጁን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን ሁለቴ አየችና «ይሄማ የተራበ ልጅ አይደለም» አለች። አማቷ ቀደም ብለው «የእናቱ ልጅ ነው፣ ንፋስም ያወፍረዋል» ብለው አሳቋት። እሷም አብራ ሳቀች። ለምን እንደሚወፍር አልጠየቀችም፤ ወተቷ እንዲህ የተባረከ መስሏት ነበር።

ለአንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ልጁን ከጡቷ አላቃ ሰጠቻቸው። ሰው ልጁን ሲሰጥ ክንዱ ወዲያው አይዘረጋም፤ የእሷም ክንድ እስከ ደረጃው ድረስ እንደታቀፈ ቀረ። ቦርሳዋ ውስጥ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቅያሪ ካናቴራ፣ ጡቷ ላይ የምትደርበው ጨርቅ፣ እና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው። ማክሰኞ ጻፈችው፤ ለባሏም ለአማቷም አልነገረችም። አራት መስመር ብቻ ነው፤ የጻፈችው ግን አራት ጊዜ ነው፣ ሦስቱን ስለቀደደችው።

የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪው ውስጥ ነው። እንግዶቹ ላይ ሆነው ከተማውን በመስታወት ያያሉ፤ ታች ደግሞ መስኮት የለም፣ እንፋሎትና የሳሙና ሽታ ብቻ ነው። እዚያ ሥራው የጥንድ ነው። አንሶላው ከትልቁ መተኮሻ ማሽን ትኩስ ሆኖ ሲወጣ ሁለት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይቀበላሉ፤ ወደ ኋላ ይስባሉ፣ ወደ ፊት ይራመዳሉ፣ እጅ ለእጅ ይነካካሉ፣ አንዷ ትለቃለች፣ አንዷ ታጥፋለች። አንዷ ከሌለች ሌላዋ ሁለት ሜትር ተኩል ጨርቅ ይዛ መቆም ነው። የእሷ ጥንድ በዓይኗ አይታ የአንሶላውን ልክ የምትናገር፣ በዚህም ምክንያት ሁሉም «ሜትር» የሚላት ሴት ናት። እሷን ደግሞ ላውንደሪው በሙሉ «አራሷ» ይላታል፤ አራት ወር ሞልቷታል ብትል ማን ይሰማታል።

ወደ ሥራ ከተመለሰች ጀምሮ አራሷ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽርጧን ጥላ ትሮጣለች። የምሳ እረፍት ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ አውቶቡሱ ብቻ ሲሄድ ሃያ፣ ሲመለስ ሃያ ይፈጃል። ቤት ደርሳ ልጁን አጥብታ ስትመለስ አንድ ሰዓት ከሩብ ያልፋል። ሜትር በዚያ ሁሉ ጊዜ ጫፍ ይዛ ትቆማለች። «እጄን ዘርግቼ ልመና የወጣሁ መሰልኩ» ትላለች፣ እንደ ቀልድ። እያንዳንዱ ጥንድ ያጠፈው አንሶላ ብዛት ግን ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ የእነሱ ከሁሉ በታች ወርዶ የሜትር የወር ማበረታቻ ቀርቷል። ሜትር ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ብትናገር ይሻል ነበር።

ሰኞ ዕለት የላውንደሪው ኃላፊ ጠራቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ስትናገር ግን ዳኛ ትመስላለች። «እኔም ሦስት ወልጃለሁ» አለቻት። «አውቀዋለሁ፣ አትንገሪኝ። ግን እኔንም ላይ ያሉት ይጠይቁኛል። ወይ በምሳ ሰዓት እዚህ ትሆኛለሽ፣ ወይ ቦታውን ትለቂልኛለሽ። ሐሙስ አሥር ሰዓት መልስሽን አምጪ።» መልሷ ያ ወረቀት ነው። ልጁ አልጠጣም ካለ ምን ታደርጋለች? ሥራ ሌላ ይገኛል፣ ልጅ ግን ይራባል። ከማለዳው ጀምሮ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታዋለች፤ ወደ ፊት በተራመደች ቁጥር ጭኗ ላይ ይቆረቁራታል።

«ዛሬም ትሮጫለሽ?» አለች ሜትር አንሶላ እየሳበች።

«ዛሬም።»

«ያንቺ ልጅ እኮ ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። ጡጦ እንቢ፣ ማንኪያ እንቢ። ሲያድግ ሚስቱን ገደላት።»

አራሷ ሳቀች። ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው መሆኑን ልትነግራት አሰበችና ተወችው። ስድስት ዓመት እጅ ለእጅ ሲነካኩ ኖረዋል፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ሰሌዳው ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ነገር በአንሶላ መካከል ቆሞ እንዴት ይናገሩታል?

አራት ሰዓት ሲል መብራት ጠፋ። ማሽኑ አንድ አንሶላ በግማሹ ነክሶ ቆመ፣ ምድር ቤቱ ጨለመ፣ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» አሉ። ኃላፊዋ የእጅ ባትሪ ይዛ ወጣች። ጄኔሬተሩ ለላይኞቹ ነው አለች፤ ለእነሱ እስከ አምስት ሰዓት እንደማይመጣ ተነግሯታል። «ምሳችሁን አሁን ውጡ። አምስት ሰዓት ላይ አንዲትም ሰው እንዳትጎድል።» ይህን ስትል ባትሪው አራሷ ፊት ላይ ነበር። አራሷ ግን ደስታ ብቻ ነው የተሰማት። ስድስት ሰዓትን ልትጠብቅ ነበር፣ በአራት ሰዓት ልታየው ነው! አራት ሰዓት ልጁ ነቅቶ ጡጦ እንቢ የሚልበት ሰዓት ነው፤ በሩን እያየ የሚጠብቅበት። ዛሬ በሩን ሲያይ ትገባለች። በአውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ ሞልቶ ሳለ ቆማ ሄደች፣ ቆመው ሲሄዱ የሚፈጥን ይመስል።

ሦስቱን ፎቅ ያለ እረፍት ወጥታ በሩ ላይ ትንፋሿን ሰበሰበች። ምናልባት አልቅሶ ደክሞት ተኝቶ ይሆናል ብላ ቁልፉን ቀስ አድርጋ አዞረች። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ መጀመሪያ ያየችው ልጇን አይደለም፤ ቀሚሷን ነው።

ሰማያዊው ቀሚስ አማቷ ላይ ነው። መስኮቱ አጠገብ ባለው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጠት አድርገው ተቀምጠዋል፤ ከራሳቸው ልብስ በላይ ስለደረቡት ትከሻው ጠቧቸዋል፣ ክንዱ ላይ ስፌቱ ሊተረተር ደርሷል። ደረቱ ላይ የደረቀው የወተት ምልክት እንዳለ ነው፤ እጥበት የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ልጁ ክንዳቸው ላይ ተንጋሎ ጡጦውን ይዟል። እየጠጣ ነው። እየቀማመሰም አይደለም፣ እያመነታም አይደለም፤ ዓይኑን ከደን አድርጎ፣ እግሩን በስንፍና እያወዛወዘ፣ ባለፋርማሲው በማለበት ጫፍ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛችው ርካሽ ጫፍ ይጠጣል። ወተቱ ከግማሽ ወርዷል። የግራ እጁ ጣቶች ቁልፉ በወለቀበት ክፍተት ገብተው ጨርቁን ጨብጠዋል።

«ጠጣ የኔ ጌታ፣ ጠጣ» ይላሉ አማቷ በዝግታ። «የእናትህ ነው፣ በጎህ ተነስታ ያለበችልህ። ሽታዋም ይኸው፣ ምን ጎደለህ? አንተስ ደግ ነህ፣ አንድ ቀን አለቀስክ፣ ሁለት ቀን አለቀስክ፣ ቀሚሷን ስለብስልህ ተውከው። አባትህ ግን አንድም ቀን አላለቀሰልኝም። ሰማኸኝ? ክር ፋብሪካ የተመለስኩ ዕለት፣ ጎረቤት እጅ ላይ ጡጦውን ግጥም አድርጎ ተኛ። እኔ ስሮጥ ብመጣ ዞርም አላለ። ደስ ይበልሽ፣ አላስቸገረም አሉኝ። ደስ ይበልሽ! ያን ቀን ያለቀስኩትን እኔና ግድግዳው ነን የምናውቀው።» ጡጦውን ትንሽ ቀና አደረጉለት። «ስለዚህ እንደ አባትህ እንዳትሆን። ስትመጣ የራበህ ምሰል። ዓይንህን አፍጥጥና ዘለህ ያዛት፣ እሺ? አደራህን እንዳታጋልጠኝ። ሠርታ የምትገባ ሰው ናት፣ አንድ የሚናፍቃት ይኑራት።»

አራሷ ጫማዋን እንደያዘች ቆመች። አንድ እርምጃ ብትገባ ልጁ ዞር ይልላታል፣ ጡጦውን ይጥላል፣ በሁለት እጁ ይይዛታል፤ ይህን ታውቀዋለች። ጡቷም አውቆታል፤ ተወጥሮ ነበር፣ የልጁን የመዋጥ ድምፅ ሲሰማ ጊዜ ለቀቀው፣ ጨርቁን አልፎ ካናቴራዋን አረጠበው። ግን ብትገባ አማቷ በዚያ ቀሚስ ውስጥ የት ይገባሉ? ስልሳ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሰው፣ የምራታቸውን ያደፈ ቀሚስ ለብሰው፣ ከሕፃን ጋር ሲማከሩ ተገኝተው። ወደ ኋላ ተመለሰች። በሩን እንደከፈተችው ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷ ከላይም ከታችም ፈሰሰ። በአንድ በር ርቀት ላይ ያለ ልጅ እንዲህ ይናፍቃል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። አልተራበም። አይጠብቃትም። ጠግቦ፣ ሞቆት፣ በሰው ክንድ ላይ እንቅልፍ እየወሰደው ነው፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የለመነችው ይኸው ደረሰላት፣ እሷ ግን የሆነ ነገር የተነጠቀች መሰላት።

ንዴቱ ቀጥሎ መጣ። አሥራ አንድ ቀን ሮጣለች። ሜትር ማበረታቻዋን አጥታለች። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ወረቀት አለ፤ አማቷ አንዲት ቃል «ጠጣ» ቢሉ ኖሮ ያ ወረቀት አይጻፍም ነበር። ተነስታ ሦስት ደረጃ ወጣች፤ በሩን በርግዳ «ለምን ዋሹኝ?» ልትል። አራተኛው ላይ ቆመች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በሦስተኛው ቀን ማታ ልብሷን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ወድቃ ነበር፤ እግሯ አብጦ፣ ጡቷ ደንድኖ፣ ዳግመኛ የምትነሳ አይመስላትም ነበር። ያን ማታ አማቷ ከበሩ ሆነው «ሲጠብቅሽ ዋለ» አሏት። በዚያች ቃል ነው የተነሳችው። «ሁሉንም ጠጥቶ ጨረሰ፣ ደስ ይበልሽ» ተብላ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ በምን እግሯ ትሄድ ነበር? አማቷ የዋሿት እሷን ለመጉዳት አይደለም። ያኔ ከክር ፋብሪካ ሲመለሱ ሊሰሙት የሚፈልጉትን፣ ማንም ያልነገራቸውን ነው የነገሯት። ስለ ሥራው ምን ያውቃሉ? እሷ መቼ ነገረቻቸው? ደብዳቤ ተጽፎ ኪስ ውስጥ ተደብቋል፣ ቀሚስ ያለ እጥበት ተደብቋል፤ በአንድ ቤት ሁለቱም የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው፣ ዝም አይነቅዝም እያሉ ይኖራሉ። ፊቷን በካናቴራዋ ጫፍ ጠርጋ ወረደች።

አምስት ሰዓት ሲሆን ከሁሉም ቀድማ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ነበር። መብራቱ መጣ፣ ማሽኑ የነከሰውን አንሶላ ተፋ። ሜትር ጫፉን ተቀብላ አየቻት።

«ምነው? ልጁን አመመው?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ዓይንሽ?»

«ጠግቧል» አለች አራሷ። «ጡጦ ይጠጣል። ጠግቧል።»

«ይሄ ያስለቅሳል?»

«አዎ።»

ሜትር አልሳቀችም። ሁለት አንሶላ አጠፉ፤ ሦስተኛው ላይ እጅ ለእጅ ሲነካኩ ሜትር ጣቷን ለአፍታ ያዘቻትና ለቀቀቻት። ስድስት ሰዓት ላይ፣ በአሥራ አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አራሷ ወደ አውቶቡስ አልሮጠችም። ከአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ስልክ ደወለች። «እማዬ፣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ዛሬ ምሳ ላይ አልመጣም» አለች። «ወይ ጉድ» አሉ አማቷ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል… በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረግኩ እሞክርለታለሁ። አንቺ አትጨነቂ።» ድምፃቸው ውስጥ ውሸታም ሰው ሲጠበብ የሚሰማውን ነገር ሰማችና፣ ሳታስበው ፈገግ አለች። ከዚያ በመደርደሪያዎቹ መካከል፣ ማንም ባልተኛባቸው አንሶላዎች ተከባ፣ ጡቷን ወደ መታጠቢያው አለበች። ነጩ ወተት በቧንቧው ውኃ ተወሰደ። ስትመለስ ሜትር የአንሶላውን አንድ ጫፍ ጠረጴዛው እጀታ ላይ አስራ፣ ሌላውን ይዛ ብቻዋን ስታጥፍ አገኘቻት። «ድሮም ቢሆን ይሄኛው ጥንዴ ይሻለኛል፣ አይሮጥም» አለች ሜትር።

አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። ቢሮው ከቁም ሣጥን ብዙ አይሰፋም፤ ግድግዳው ላይ የጥንዶቹ ሰሌዳ አለ። ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

«እሺ?»

«እቆያለሁ። በምሳ ሰዓት አልወጣም። ግን ስድስት ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ የአንሶላ ማስቀመጫውን ክፍል ይስጡኝ፤ ጡቴ ያማል።»

«አሥር ደቂቃ ውሰጂ፣ ማን ከለከለሽ። ልጁስ?»

ለሜትር መንገር አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ከተናገረችው ተጻፈ ማለት ነው። «ልጁ ለምዷል» አለች። ኃላፊዋ መነጽሯን አውርዳ ለጥቂት ጊዜ አየቻት። «የመጀመሪያዬም እንዲሁ በአንድ ቀን ነው የለመደው» አለች፣ ከዚያም ወደ ወረቀቶቿ ተመለሰች። ደብዳቤው ከኪስ ሳይወጣ ቀረ። በሥራ መውጫ ሽርጦቹ ሁሉ ተሰብስበው ወደ ማሽኑ ሲገቡ አብሮ ገባ፤ አራት ጊዜ የተጻፈው ነገር በሙቅ ውኃ ታጠበ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤቷ ደረሰች። አማቷ በራሳቸው ግራጫ ልብስ ሆነው በሩን ከፈቱላት፤ ልጁ ትከሻቸው ላይ ነው። ሁለቱ ጡጦዎች ታጥበው ተገልብጠዋል፣ ውኃው ገና ይንጠባጠባል። «ዛሬማ ጭራሽ!» አሉ፣ እሷ ሳትጠይቅ። «በማንኪያ ትንሽ ቀመሰና ተፋው። ውሰጂው እባክሽ፣ ሲጠብቅሽ ውሎ ነው።» ልጁ አያት፣ መላ ፊቱን ከፍቶ ሳቀ። የራበው አይመስልም፤ ትወናውን አልተማረም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካናቴራዋን አነሳችለት። ያዘ። አላስጨነቃትም፣ አልተጣደፈም፤ ዝም ብሎ የሚወደውን ቦታ እንዳገኘ ሰው እየቆየ፣ እያረፈ ይጠባል። እጁ ግን ተነሳና ካናቴራዋ ላይ መፈለግ ጀመረ። ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። የሚይዘው አጣ።

አማቷ ከበሩ ማዶ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የልጁን ጨርቆች ያጥፋሉ። ማቀዝቀዣው አጉረመረመና ተወ።

«እማዬ» አለች። «ከነገ ጀምሮ ምሳ ላይ አልመጣም። ሥራው አይሆንም ብሎኛል።»

«ልጁስ?»

«እርስዎ አሉ አይደል።»

አማቷ አንዱን ጨርቅ አጥፈው ሌላውን አነሱ።

«ቀሚሱን ደግሞ» አለች፣ ዓይኗን ከልጁ ሳታነሳ፣ «ከእጥበት ሲወጣ ማታ ማታ ይስጡኝ። ለብሼው አድራለሁ፣ ጠዋት ስወጣ እመልስልዎታለሁ። ሽታው እንዳይለቅ።»

የአማቷ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። ጆሯቸው ቀልቶ፣ እንደተያዘ ሕፃን መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ተነስተው ትራሳቸውን አነሱና ከሥሩ ሰማያዊውን ቀሚስ አወጡ። በሥርዓት ታጥፎ ነበር፣ አንሶላ እንደሚታጠፍ። መጥተው ጭኗ አጠገብ አስቀመጡት፤ ቀና ብለው አላዩዋትም። በአንድ እጇ ልጁን ይዛ በአንድ እጇ ለበሰችው። የቆየ ወተት ይሸታል፤ ከወተቱ ሥር ደግሞ የአማቷ የሳሙናና የቅባት ሽታ አለ። ልጁ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፣ እጁን ሰደደ፣ ክፍተቱን አገኘ፣ ጣቶቹን አስገብቶ ጨብጦ ያዘ።

አማቷ ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሰው፣ የታጠቡትን ጡጦዎች እንደገና ያጥቡ ጀመር። ውኃው ሲፈስ ቆየ። ጀርባቸውን እንደሰጡ «ዛሬ እኮ አልቅሶ ነበር» አሉ።

አላለቀሰም። እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ማወቋን ያውቃሉ። የልጁን ራስ በመዳፏ ሸፈነች።

«ብዙ?» አለች።

«ብዙ» አሉ አማቷ። «በሩን እያየ።»